ጥርሴን ላስነጣ ሄጄ ድዴን ያሳከምኩት

ፎቶ ስነሳ ስቄ አላውቅም ነበር። ከንፈሬን ገጥሜ፣ ጉንጬን ትንሽ ከፍ አድርጌ ፈገግ ያልኩ የምመስልበት አንድ ፊት ነበረኝ፤ በሁሉም ፎቶ ላይ ያው ነኝ። ሰው ሲያስቀኝ ደግሞ ቀኝ እጄ ሳላዘው ይነሳና አፌን ይሸፍናል። ቢሮ ውስጥ ጨዋነት መስሏቸው "እንዴት ያለች ቁጥብ ልጅ ናት" ይሉኛል። ምን ቁጥብነት፣ ጥርሴ ነው እንጂ!

ያደግኩት ወንጂ ነው። ስምጥ ሸለቆ ያደገ ሰው ይህን ብቻ ከሰማ ቀሪውን ራሱ ይጨርሰዋል። ወንጂ፣ ናዝሬት፣ መተሐራ፣ ዝዋይ፤ የብዙዎቻችን የትውልድ ቦታ ጥርሳችን ላይ ተጽፏል። ዩኒቨርሲቲ በገባሁ ሰሞን አንዲት ልጅ ገና ስሜን ሳትጠይቀኝ "የናዝሬት ልጅ ነሽ አይደል?" ብላኛለች። ከላይ ያሉት ሁለቱ ትልልቅ የፊት ጥርሶቼ መሃል ለመሃል ቡኒ መስመር ነበረባቸው፤ ደንበኛ የሻይ ቀለም። የተቀሩት ደግሞ እንደ ኖራ የነጡ ነጠብጣቦች ያሉባቸው ዥንጉርጉር ናቸው።

ይህን የምጽፈው ጥርሱን ሊያሳምር ቆርጦ ለተነሳ፣ ግን ከየት እንደሚጀምር ላላወቀ ሰው ነው። እኔ በተሳሳተው በኩል ጀምሬ ስለነበር።

መጀመሪያ ነገሩ ቆሻሻ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ፈተግኩት። በሎሚና በቤኪንግ ሶዳ፣ በከሰል ዱቄት፣ በጨው፣ ሱቅ ውስጥ ባገኘሁት ጠንካራ ብሩሽ ሁሉ ፈተግኩት። ጠዋት ጠዋት ታክሲ ተራ ከሚሸጡት ልጆች የወይራ መፋቂያ እየገዛሁ ቢሮ እስክደርስ እፍቅ ነበር። ቡኒው መስመር ንቅንቅ አላለም። ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ እስከ ጆሮዬ የሚሰማኝን ውጋትና ወደ ላይ የሸሸ ድድ ነው። ሎሚ አሲድ ነው፤ የጥርስን ልባስ ያለሰልሰዋል። በዚያ ላይ በጠንካራ ብሩሽ ሲፈተግ ልባሱ ይሄዳል፣ ድዱም ይሸሻል። የሸሸ ድድ ደግሞ በራሱ አይመለስም። በመፋቂያው ግን አልፈርድም። ጫፉን በደንብ አኝኮ አለስልሶ፣ ቀስ ብሎ ከድድ ወደ ጥርስ ለሚፍቅ ሰው ጥሩ ነገር ነው። እኔ ግን እንደ ብረት ድስት ነበር የምፈትገው።

አንድ ነገር ግን ሁሌ ይገርመኝ ነበር። እናቴ የጎጃም ሰው ናት። አባቴ ስኳር ፋብሪካው ይሠራ ስለነበር ሃያ ዓመቷ ላይ አግብታው ወንጂ መጣች። ከዚያ ወዲህ የጠጣችው እኛ የጠጣነውን ውሃ ነው፤ ቧንቧው አንድ፣ ጀሪካኑ አንድ። የእሷ ጥርስ ግን ሐጫ በረዶ ነው። ድዷን ልጅ ሆና ተነቅሳዋለች፤ ስትስቅ ነጩ ከሰማያዊ ጥቁሩ ድድ በታች ብልጭ ይላል። እኔና ወንድሞቼ ደግሞ ሁላችንም ቡኒ። ጎረቤት "የአባታቸውን ጥርስ ነው የወሰዱት" ይል ነበር፤ አባቴም የዚያው አካባቢ ልጅ ስለሆነ ነገሩ ልክ ይመስላል።

ከዘር ጋር የሚያገናኘው ነገር እንደሌለ የሰማሁት ሠላሳ አራት ዓመቴ ላይ ነው። በስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ የሚመጣ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን በብዛት ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣራ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በእኛ አካባቢ ከዚህ ብዙ እጥፍ የሆኑ ጉድጓዶች አሉ። የጥርስ ልባስ፣ ሐኪሞቹ ኢናሜል የሚሉት፣ የሚሠራው ጥርሱ ገና መንጋጋ ውስጥ ሳለ ነው። የፊት ጥርሶችና ከመንጋጋ ጥርሶች አብዛኞቹ እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ልባሳቸው ተሠርቶ ያልቃል። በእነዚያ ዓመታት ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ የጠጣ ልጅ ልባሱ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት ሆኖ ይወጣል፤ ከዚያ ሻዩም ቡናውም እየገባበት ቡኒ ይሆናል። እናቴ ስትመጣ ጥርሷ ተሠርቶ አልቋል፤ ውሃው ምን ያደርጋታል? የእኛን ዓይነቱን ጥርስ ፍሎሮሲስ ይሉታል። ቀለሙ ከውስጥ ስለሆነ በብሩሽ አይለቅም።

አሁን ወደ ሐኪም ቤቱ። የእህቴ ሠርግ አራት ወር ሲቀረው ጥርሴን ላሠራ ወሰንኩ። መጀመሪያ የገባሁበት ክሊኒክ ደመቅ ያለ፣ በረንዳው ላይ የሚስቅ ሰው ትልቅ ፎቶ የተሰቀለበት ነው። ስሙን ተዉት። ወንበሩ ላይ አምስት ደቂቃ አልቆየሁም። ሐኪሙ አፌን ከፍቶ አየና "ቀላል ነው" አለኝ። ከላይ ስምንት፣ ከታች ስምንት ጥርስ ሞርዶ ዚርኮኒያ የሚባል የሴራሚክ ሽፋን ያለብሰኛል። ሆሊውድ ስማይል። በሁለት ሳምንት ያልቃል። "እግረ መንገዳችንን ፍንጭትሽን እንዘጋዋለን፣ ድድሽንም በሌዘር እናቀላዋለን" ሲል ጨመረልኝ።

ፍንጭቴን? ከፊቴ ላይ አንድ የምወደው ነገር ቢኖር እኮ እሱ ነው።

ዋጋው የወራት ደመወዜን የሚበላ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያተረፈኝ ብልህነት አይደለም፣ ብር ማነሱ ነው። ቀብድ ልከፍል ስል የያዝኩት አልበቃ ብሎኝ "ነገ እመለሳለሁ" ብዬ ወጣሁ። ማታ ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ነገርኳት። እሷም ዱባይ ሄዳ ጥርሷን ያስለበጠች ዘመድ አለቻት። ከጥቂት ዓመት በኋላ ከሽፋኑ ስር ሁለቱ ጥርሶቿ ተበላሽተው ነርቭ ማሳከም ደረሰባት። "አፏ ሁሌ ይሸታታል፣ ድዷ በሽፋኑ ዙሪያ ሁሌ እንደቀላ ነው" አለችኝ። የራሷን የድሮ ጥርስ ሐኪም አድራሻም ሰጠችኝ።

ሁለተኛዋ ሐኪም ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ክፍላቸው ውስጥ የሚስቅ ሰው ፎቶ የለም። ጥርሴን ሳያዩ በፊት "ስትቦርሺ ይደማሻል?" ሲሉ ጠየቁኝ። ይደማል አልኩ። ለእኔ የማንም ድድ ሲቦረሽ የሚደማ ነበር የሚመስለኝ።

"ፊትሽን ስትታጠቢ ቢደማ ዝም ትያለሽ?"

ከዚያ ሚሊ ሜትር የተሰመረበት ቀጭን ብረት አነሱ። በእያንዳንዱ ጥርስና ድድ መካከል ቀስ አድርገው እያስገቡ ቁጥር ለረዳታቸው ይጠራሉ። "ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት። አራት፣ ይደማል። አምስት፣ ይደማል።" እስከ ሦስት ጤና ነው፤ አራትና ከዚያ በላይ ሆኖ የሚደማ ከሆነ ድዱ አብጧል ወይም ከጥርሱ መላቀቅ ጀምሯል ማለት ነው። ቀጥለው መስታወት ሰጡኝና የታች የፊት ጥርሶቼን ጀርባ አሳዩኝ። በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። ጥርስና ጥርስ የሚለይበት መስመር የለም፤ ከዳር እዳር አንድ ብጫማ ግንብ ተገንብቷል። ከምላስ ስር የሚመነጨው ምራቅ ካልሲየም አለበት፤ ያልተቦረሸ ቆሻሻ እዚያ ቶሎ ድንጋይ ይሆናል። አንዴ ድንጋይ ከሆነ ደግሞ ብሩሽ አያነሳውም።

"እኔ እዚህ ድድ ላይ ምንም ማሳመር አልሠራም" አሉኝ። "ያበጠ ድድ ነው። ዛሬ ሽፋን ብንለካ ነገ እብጠቱ ሲወርድ የሽፋኑ ጠርዝ ይጋለጣል። የሚደማ ድድ ላይ ደግሞ ምንም ነገር በደንብ አይጣበቅም።"

ያን ቀን ጥርሴን አሳጠብኩ፤ ድንጋዩን የማንሳቱ ሥራ፣ ስኬሊንግ የሚሉት ነው። "ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያላላል" ሲባል ሰምቼ ስለነበር ፈርቻለሁ። የሚንቀጠቀጥ ጫፍ ያለው መሣሪያ ነው፣ ውሃ ይረጫል፣ ድምፁ ያንገሸግሻል። የታችኞቹ ላይ ሲደርሱ አንድ ስባሪ ጨርቁ ላይ አስቀምጠው አሳዩኝ። የምስር ፍሬ ያህላል፣ በአንድ በኩል ጥቁር። ያ እስኪወጣ ድረስ ምላሴ ጥርስ ነው ብሎ ሲዳስሰው የኖረው እሱን ነው።

ከታጠባችሁ በኋላ የሚመጣውን ማንም ስለማይነግራችሁ እኔ ልንገራችሁ። ቤት ስገባ በጥርሶቼ መካከል ንፋስ ይገባል። ምላሴ ቀዳዳ ያገኛል። ደንግጬ ደወልኩ። "ጥርስሽ አልላላም፣ ግድግዳው ስለፈረሰ ነው" አሉኝ። ድንጋዩ የሞላው ቦታ ባዶ ይሆናል፤ ያበጠው ድድም ሲሟሽሽ በጥርሶች መካከል ከድዱ አጠገብ ትንንሽ ጥቁር ሦስት ማዕዘኖች ይታያሉ። ጥርስ ማሳጠብ ያላላል የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል። ድንጋዩ ብቻ አስሮት የነበረ በጣም የታመመ ጥርስ ካለ ይነቃነቃል፤ ግን እሱን ያላላው በሽታው ነው። ቀዝቃዛ ነገርም ለአንድ ሳምንት ገደማ ወግቶኝ ተወኝ።

ለሦስት ሳምንት የቤት ሥራ ሰጡኝ። ለስላሳ ብሩሽ፣ ከድዱ ጠርዝ ላይ ጋደል አድርጎ፣ ሁለት ደቂቃ፣ ጠዋትና ማታ። ከቦረሹ በኋላ መትፋት እንጂ በውሃ አለመጉመጥመጥ። ማታ ማታ የጥርስ ክር። ክሩ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በደም ቀልቶ ሲወጣ ልተወው ነበር። "የሚደማው ስለነካሽው አይደለም፣ ስላልነካሽው ነው" ብለውኛል። በአሥረኛው ቀን አካባቢ ነጭ ሆኖ ወጣ። የአፍ ማጠቢያውን፣ ክሎርሄክሲዲን የሚባለውን፣ ለሁለት ሳምንት ብቻ አዘዙልኝ፤ ሲቆይ ራሱ ጥርስ ቡኒ ያደርጋል። ጥርሱን ሊያነጣ ብሎ በየወሩ ጠርሙስ የሚገዛ ሰው አውቃለሁ።

ስመለስ ያ ብረት እንደገና ዞረ። "ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት።" መስታወት ሲሰጡኝ ገና ማንም ቡኒውን አልነካውም፤ ፊቴ ግን ተቀይሯል። ያበጠውና የሚያብለጨልጨው ድድ ጠቦ፣ በየጥርሱ መሃል ሾጠጥ ብሎ ገብቷል። ጥርሶቼ ረዘም ብለው ታዩኝ። ብዙ ሰው "ድዴ ትልቅ ነው፣ ስስቅ ይወጣል" ብሎ የሚማረረው አንዳንዴ እብጠት ነው፤ ታጥቦ እስኪያይ መፍረድ የለበትም። ከግራ በኩል አንዱ ጥርሴ ላይ ብቻ ድዱ ከአቻው ዝቅ ብሎ ስለቀረ፣ ለክተው ትርፍ ድድ መኖሩን አረጋግጠው፣ በማደንዘዣ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ቆረጡልኝ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ትርፍ ከሌለ ግን አይቆረጥም፤ ድድ ከአጥንቱ በላይ የሚፈልገው ቦታ አለው፣ ካልተተወለት ሲቀላና ሲደማ ይኖራል። በመፈተግ የሸሸው የዉሻ ክራንቻዬ ድድ ላይ ምንም አልሠሩም። ካስቸገረሽ ከላንቃሽ ቆዳ ወስደን እንተክላለን፣ ካላስቸገረሽ ብሩሽሽን አለስልሺ አሉኝ። አለሰለስኩ።

ከዚያ ወደ ቡኒው። መጀመሪያ የመረጡት ትንሹን ነገር ነው፤ ማይክሮአብሬዥን። ድዴን እንዳያቃጥል በላስቲክ ሸፈኑትና አሲድና ደቃቅ ማሻሻ ያለበት ቅባት በጥርሱ ላይ ቀብተው በዝግታ በሚዞር ላስቲክ ያሹታል፣ ያጥቡታል፣ ያያሉ፣ ይደግማሉ። ሎሚና ሶዳ አይደለም ወይ ልትሉኝ ትችላላችሁ። ልዩነቱ እሳቸው የሚያነሱት ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ፣ ቢበዛ ሁለት አሥረኛ ነው፣ መቼ እንደሚያቆሙም ያውቃሉ። እኔ አሥር ዓመት ሙሉ አላቆምኩም ነበር። በሁለት ቀጠሮ ቡኒው መስመር ወደ ቢጫ ደበዘዘ። የዚህ ዘዴ ጉልበት ላይ ላዩን ላለ ቀለም ነው።

ቀጥሎ ማንጫው መጣ። የጥርሴን ቅርጽ ወስደው ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ሠሩልኝ፤ ማታ ማታ 10 በመቶ ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ ጠብታ ጠብታ አድርጌ ለብሼው እተኛለሁ። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት አይመከርም። በሦስተኛው ቀን በመስታወት ሳይ ልቤ ቀጥ አለ፤ ነጠብጣቦቹ ጭራሽ ነጥተው የኖራ እርጭት መስለዋል። ይህ ጊዜያዊ ነው፤ ሌላው ጥርስ እየነጣ ሲደርስባቸው ልዩነቱ ይጠባል። ያን ጊዜ ፆም ነበርና ቡናውን ቀንሼ፣ ከበርበሬ ሸሽቼ አልጫ ላይ ተጣበቅኩ። ለካ ዋናው ቀለም አልጫው ውስጥ ነው! እርድ ያነካካውን ጣት ስንት ቀን እንደሚይዘው እያወቅኩ ጥርሴን ረሳሁት። ከዚያ ነጭ ሽሮና ዳቦ ሆነ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ አንድ ጥርስ ብቻ ቀረ፤ ላዩ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ የተቦረቦሩ ጉድጓዶች ያሉበት። እሱን ሳይሞርዱ ኮምፖዚት በሚባል የጥርስ ቀለም ባለው መሙያ ሞሉት። ይህ መሙላት ዕድሜ ልክ አይደለም፤ በየጥቂት ዓመቱ ይታደሳል፣ ቡናም ይይዘዋል። ቅደም ተከተሉንም ልብ በሉት፤ መጀመሪያ ማንጣት፣ ከዚያ መሙላት። ማንጫ የሚያነጣው ጥርስን ነው፣ ሙሌትንም ሽፋንንም አያነጣም። የተገላቢጦሽ ያደረገ ሰው ባለ ሁለት ቀለም ሆኖ ይቀራል።

ሽፋን ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ልባሱ እየተፈረፈረ ያለ ከባድ ፍሎሮሲስ፣ የተሰበረ ጥርስ፣ ሥሩ ታክሞ የሰለለ ጥርስ ሽፋን ያስፈልገዋል። ቬኒር የሚባለው ከፊት ብቻ የሚለጠፍ ስስ ነገር ነው፤ ለእሱም ብዙውን ጊዜ ከሚሊ ሜትር በታች ይሞረዳል። ክራውን ግን ዙሪያውን ነው፤ ጥርሱ ተሞርዶ ጉቶ ይሆናል። የተሞረደ ደግሞ አይበቅልም፤ ሽፋኑ ባረጀ ቁጥር ሲቀየር መኖር ነው። "ስንት ሚሊ ሜትር ነው የምትሞርዱት? ሳትሞርዱ የሚሞከር ነገርስ የለም?" ብላችሁ ጠይቁ። ድዳችሁን ሳይለካ ዋጋ የሚነግራችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ቦርሳችሁን አንሱ።

ጥርሴ አሁን ሐጫ በረዶ ነው? አይደለም። ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ደመና ደመና ያለበት መሆኑን ያያል። ከአንድ ክንድ ርቀት ግን ማንም የወንጂ ልጅ መሆኔን አይጠረጥርም። በሠርጉ ፎቶ ላይ ፍንጭቴ ቁልጭ ብላ ትታያለች።

እዚያው ስምጥ ሸለቆ ልጅ የምታሳድጉ ካላችሁ አንድ ነገር ልጨምር፤ ውሃ ማፍላት ፍሎራይድን አያወጣም። ውሃው ሲተን የቀረው ውስጥ ጭራሽ ይበዛል። የዝናብ ውሃ ወይም ዝቅተኛ ፍሎራይድ ያለው መሆኑ የታወቀ ውሃ ቢያንስ ለትንንሾቹ መጠጥና ምግብ ለዩ። የጥርስ ሳሙናም እንዳይውጡ፤ ከሦስት ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ ታህል፣ ከዚያ እስከ ስድስት የአተር ፍሬ ታህል ይበቃል።

ድድ ማቅላት የሚባለውን አልሠራሁም። ጥቁር ድድ የቆዳችን ቀለም ነው፣ በሽታ አይደለም። በሌዘር ወይም በመፋቅ ይነሳል፣ ግን ቀስ በቀስ የሚመለስበት ሰው ብዙ ነው። አንዲት ጓደኛዬ ከፍላ አስቀልታ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጠቆረባት። ለእናቴ ስነግራት ሳቋ አላቆመም። "እኛ ይጥቆር ብለን በጥላሸት፣ በእሾህ ተወጋን። እናንተ ይቅላ ብላችሁ ትከፍላላችሁ። በሉ እንግዲህ።" የያኔዎቹ ነቃሾች አንዱን እሾህ ለስንት ልጅ እንደተጠቀሙበት ስታስብ ግን እሷም ዝም ትላለች። የጉበት ቫይረሱም ኤችአይቪውም በእንዲህ ዓይነት እሾህ ያልፋል።

ባለፈው ወር እሷንም ላሳጥባት ወሰድኳት። ከዚህ በፊት ጥርስ ሐኪም ቤት ገብታ አታውቅም። ወንበሩ ወደ ኋላ ሲዘነብል ነጠላዋን ጨምድዳ ያዘች። ዶክተሯ አፏን ሲከፍቱ ቆም አሉ፤ ረዳታቸውንም ጠርተው ንቅሳቱን አሳዩት። ያ የሚጮኸው መሣሪያ ሲነሳ እናቴ እጃቸውን ያዝ አደረገች።

"ዶክተር፣ ድንጋዩን አንሱልኝ። ሰማያዊውን ግን እንዳይነኩብኝ።"

"አልነካውም እማማ" አሏት። "ይክፈቱልኝ።"